መሃል ላይ ማንም የሌለበት የፋይል መጋሪያ፦ ለካዛንቺሷ ጠያቂ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ካዛንቺስ ነው ያደገችው። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ እሷ ገላን ጉራ ገብታለች፣ አንዱ ጓደኛዋ አያት ሰፈር ነው፣ ሌላው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዷ ደግሞ ዱባይ። በየቤቱ የነበረውን ፎቶ ስካን አድርገው፣ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ ካሴቶችንም ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠው 400 ጊጋባይት ያህል ደርሶላቸዋል። «ቴሌግራም ላይ ስንለዋወጥ ፎቶው ይደበዝዛል። ጎግል ድራይቭ ሞላ። ደግሞ የሰው ሠርግና ለቅሶ ያለበትን ነገር የማናውቀው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ደስ አላለንም። አራታችን ብቻ የምናየው፣ የተቆለፈ፣ መሃል ላይ ማንም የሌለበት ነገር መሥራት ይቻላል? ሬትሮሼር የሚባል ሰምተናል፣ እሱን እንጫን?» ብላ ጽፋለች።

እህቴ፣ ይቻላል። ለፕሮግራሙ አምስት ሳንቲም አትከፍሉም። ባለሙያ መቅጠርም አያስፈልጋችሁም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ፋይሉ እስኪተላለፍ መጠበቅ ነው። ግን ከመጫናችሁ በፊት አራታችሁም ተደዋውላችሁ የምትነጋገሩባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ ማን ምን ያያል፣ ማን ማጥፋት ይችላል፣ የማን ኮምፒውተር ሁልጊዜ በርቶ ያድራል። እስካሁን ባየሁት እንዲህ ዓይነት መረብ ሲበላሽ አንድ ሰው ምስጠራውን ሰብሮ ገብቶ አይደለም፤ ሰዎቹ እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳይነጋገሩ ስለጀመሩ ነው።

በነገራችን ላይ የቴሌግራሙ መደብዘዝ መፍትሔ አለው። ፎቶውን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ብትልኪው አይጨመቅም፣ እንዳለ ይደርሳል። ጣሪያው ለአንድ ፋይል 2 ጊጋባይት ነው፣ ለሚከፍል 4። ዋናው ችግር ሌላ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳይከፍተው) የተመሰጠረ አይደለም። እንደዚያ የሚሆነው ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያወሩበት ሲክሬት ቻት ነው። ጎግልም በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፣ ያውም ከጂሜይልሽ ጋር ተደምሮ። ስለዚህ ደስ አለማለታችሁ ትክክል ነው።

የምትፈልጉት ነገር ፍሬንድ ቱ ፍሬንድ (ከጓደኛ ለጓደኛ) ይባላል። ስሙን ያወጣው ዳን ብሪክሊን ነው፣ በ2000 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቶረንት በሚባለው የፋይል መለዋወጫ ላይ የማታውቂው ሰው መጥቶ ከኮምፒውተርሽ የፋይል ቁራጭ ይወስዳል፣ አይፒ አድራሻሽንም (ኢንተርኔት ላይ የምትታወቂበትን ቁጥር) ያያል። እዚህ ግን ኮምፒውተርሽ የሚያወራው አንቺ ራስሽ በስም ከፈቀድሽላቸው ማሽኖች ጋር ብቻ ነው። ሌላው ቢያንኳኳ አይከፈትለትም። በ2003 ጀስቲን ፍራንክል ዌስት የሚባል እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ለቆ ነበር፣ ከ10 እስከ 50 ማሽን ላለው ትንሽ ቡድን የታሰበ። የሚሠራበት ድርጅት ባለቤት የነበረው ኤኦኤል በማግስቱ ከድረ ገጹ አወረደው፤ ግን እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው አውርዶት ስለነበር አልጠፋም። እናንተ የሰማችሁት ሬትሮሼር ከሱ በኋላ፣ በ2006 የመጣ ነው።

ሬትሮሼርን አከብረዋለሁ። እያንዳንዱ ሰው ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ፒጂፒ የሚባል የራሱ የምስጠራ ቁልፍ አለው፣ ግንኙነቱ የተመሰጠረ ነው፣ ቻትና ፎረም አለው፣ ቶር በሚባለው ማንነትን በሚደብቅ መረብ ላይም ይሠራል። ከፈቀድሽ ደግሞ የጓደኛሽ ጓደኛ ፋይሉ ያንቺ መሆኑን ሳያውቅ በጓደኛሽ በኩል ሊያወርደው ይችላል። ለማይተዋወቁና መደበቅ ለሚፈልጉ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናንተ ግን አራት ሰው ናችሁ፣ ሁላችሁም ከልጅነት ትተዋወቃላችሁ፣ የምትፈልጉት አንድ ፎልደር አራት ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቀመጥ ነው። ለዚህ ሲንክቲንግ የሚባለው ፕሮግራም ይሻላችኋል። ያኮብ ቦርግ በ2013 የጀመረው ነው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ የሚከፈልበት ነገር የለውም። አንዱ ጋ ፋይል ሲገባ ሌሎቹ ጋ ራሱ ይደርሳል። መብራት ጠፍቶ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ምክንያቱም ፋይሉን በትንንሽ ብሎክ ከፋፍሎ የጎደለውን ብሎክ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አጫጫኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ከራሱ ከሲንክቲንግ ድረ ገጽ አውርዱት፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ ሰው የለጠፈውን አትጫኑ። ሲነሳ ብሮውዘር ላይ 127.0.0.1:8384 የሚል ገጽ ይከፈታል። ይህ ገጽ የሚታየው ከራስሽ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ እንደዚያው ተዪው፤ ቢሆንም ፓስወርድ አድርጊበት። አንድሮይድ ላይ የነበረው ኦፊሴላዊ መተግበሪያ በታኅሣሥ 2024 ቆሟል። አሁን ሰው የሚጠቀመው ሲንክቲንግ ፎርክ የሚባለውን ነው፤ «በዋይፋይ ብቻ» ወይም «ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ» ብለሽ ልትገድቢው ትችያለሽ፣ የሞባይል ፓኬጅሽን እንዳይበላው። አይፎን ያለው ካለ ብዙ ተስፋ አታድርጉ፣ አይፎን ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም ቶሎ ያስቆማል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። እያንዳንዱ ማሽን ሲጫን የራሱ ሰርተፍኬት ይፈጠርለታል፣ ከሰርተፍኬቱም ዲቫይስ አይዲ የሚባል ረጅም ነገር ይወጣል። 56 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ሰባት ሰባት ሆኖ በስምንት ቡድን የተከፈለ። አንቺ የሱን ታስገቢያለሽ፣ እሱ ያንቺን ያስገባል፤ ሁለታችሁም ካላስገባችሁ ግንኙነት የለም። አይዲው ራሱ ሚስጥር አይደለም። ሰው ቢያየው ፋይልሽን አያገኝም። አደጋው መቀየሩ ላይ ነው። የጓደኛሽ ቴሌግራም ተጠልፎ ቢሆንና ሌላ ሰው የራሱን አይዲ በሱ ስም ቢልክልሽ አንቺ ራስሽ በር ከፍተሽ ታስገቢዋለሽ። በዚያ ላይ ማንም ምስጠራ አያድንሽም፣ ምክንያቱም ምስጠራው የሚሠራው ላመንሽው ሰው ነው።

ስለዚህ አይዲውን በጽሑፍ ተላላኩ፣ ከዚያ ደውላችሁ አንብቡት። ድምፁን የምታውቂው ሰው በራሱ አፍ ስምንቱንም ቡድን ያንብብልሽ፣ አንቺ ስክሪኑ ላይ እየተከተልሽ። አንድ የሚያግዝ ነገር ልንገርሽ፦ አይዲው ውስጥ ዜሮ፣ አንድ፣ ስምንትና ዘጠኝ የሉም። ክብ የምትመስል ካለች ፊደሏ ኦ ናት፣ ዜሮ አይደለችም። እኔ ከእህቴ ጋር ስናነበው አራት ደቂቃ አልፈጀም። የዱባይዋን ግን በመደበኛ ስልክ ደውሉላት፣ እዚያ የዋትሳፕ ጥሪ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አራት ሰው እርስ በርስ ሲጨማመር ስድስት ጥንድ ይሆናል፣ ትንሽ ይሰለቻል። ሲንክቲንግ ኢንትሮዲዩሰር የሚል ምርጫ አለው። እቁብ ውስጥ አዲስ ሰው በዋስ እንደሚገባ ማለት ነው፤ አንዱን ማሽን ኢንትሮዲዩሰር ካላችሁት እሱ የጨመረው ሰው ሁላችሁም ጋ ራሱ ይጨመራል፣ እሱ ያስወጣውም ይወጣል። ይመቻል። ግን ያ አንድ ሰው ካልተጠነቀቀ ሁላችሁም አልተጠነቀቃችሁም። ለአራት ሰው እኔ አልመክርም፣ ስድስቱን ጥሪ ደውሉ። እግረ መንገዳችሁን ትጠያየቃላችሁ።

ቀጥሎ ማጥፋት። እዚህ ላይ የደረሰብንን ልንገርሽ። ቤተሰብ ውስጥ ይህንኑ ዘርግቼ ነበር፣ ሁሉንም ማሽን «ሴንድ ኤንድ ሪሲቭ» (የሚልክም የሚቀበልም) ላይ አድርጌ። የአጎቴ ልጅ ስልኳ ሞላባትና ቦታ ለማግኘት ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አጠፋቻቸው። እሷ ከስልኳ ብቻ ያጠፋች ነው የመሰላት። ማሽኖቹ ግን የታዘዙትን አደረጉ፣ ጠዋት ስንነሳ የአያታችን ፎቶዎች ከሦስት ቤት ጠፍተዋል። ያዳነን የታናሽ ወንድሜ ላፕቶፕ ሌሊቱን ተዘግቶ ማደሩ ነበር። ደውዬ «እንዳታበራው! መጀመሪያ ራውተሩን ንቀል፣ ከዚያ አብራው» አልኩት። ኢንተርኔት ሳያገኝ ሲነሳ ፎልደሩ እንዳለ ነበር፣ ወደ ፍላሽ ገልብጦ አተረፈው። እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። ስልኮች በሙሉ «ሪሲቭ ኦንሊ» (ተቀባይ ብቻ) ይሆናሉ። ስልኩ ላይ ቢጠፋ ሌላው ጋ አይነካም። መጻፍም ማጥፋትም የሚችሉት ሁለት ማሽኖች ብቻ ይሁኑ፣ ለምሳሌ ያንቺና የሲልቨር ስፕሪንጉ ላፕቶፕ። ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፋይል ቨርዥኒንግ የሚለውን ክፈቱ፣ «ስታገርድ» የሚለውን ምረጡ፣ የድሮ ቅጂዎችን ለወራት ያቆይላችኋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ቨርዥኒንግ የሚጠብቅሽ ከሌላ ማሽን ከመጣ ለውጥ ነው። አንቺ ራስሽ እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ያጠፋሽውን አያስቀምጥልሽም። የሚያስቀምጡልሽ ሌሎቹ ናቸው። ለዚህ ነው ሁሉም ጋ መከፈት ያለበት። በተጨማሪ በወር አንዴ ብቻ የሚሰካ፣ ሌላ ጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚተኛ አንድ ሃርድ ዲስክ ይኑራችሁ። ሲንክ (ፎልደሮችን አንድ ዓይነት ማድረግ) ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም፣ ጥፋትንም እንደ ፋይል እኩል ያደርሳል።

ፎልደሩንም አንድ አታድርጉት። ፎቶውን ለብቻ፣ ቪዲዮውን ለብቻ፣ የግል የሆነውን ለብቻ። እያንዳንዱን ለማን እንደምታጋሪ ለየብቻው ትመርጫለሽ። 64 ጊጋ ስልክ ያለው ሰው ፎቶውን ብቻ ይወስዳል።

የማን ኮምፒውተር በርቶ ያድራል የሚለው ጋ ልምጣ። ሰርቨር የለም ማለት ሁለት ሰው እኩል ኦንላይን ካልሆነ ምንም አይንቀሳቀስም ማለት ነው። አንቺ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስትከፍቺ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሥራ ላይ ነው፣ ላፕቶፑ ቤት ተዘግቷል። ስለዚህ አንድ ሁልጊዜ የሚበራ ማሽን ያስፈልጋል፣ ከተቻለ ሁለት። ሰዉ ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ግዙ ይላል። እኔ ለአዲስ አበባ አሮጌ ላፕቶፕ ነው የምመርጠው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ኪቦርዱ የማይሠራ ቢሆንም ግድ የለም፣ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ከያዘ በቂ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራስበሪ ፓዩ ድርግም ይላል፣ በመሃል እየተጻፈ የነበረ ፋይል ሊበላሽበት ይችላል። ላፕቶፑ ግን በባትሪው ያልፈዋል። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማስተካከል እንዳትረሺ።

አሁን ግንኙነቱ። በሞባይል ዳታ ስትጠቀሚ አብዛኛውን ጊዜ የራስሽ የሆነ ከውጭ የሚታይ አይፒ የለሽም፣ ከብዙ ሰው ጋር ተጋርተሽ ነው የምትወጪው። ሁለታችሁም እንደዚያ ከሆናችሁ ሲንክቲንግ ሪሌይ በሚባሉ በጎ ፈቃደኞች በሚያንቀሳቅሷቸው ማሽኖች በኩል ያገናኛችኋል። ሪሌዩ ምስጠራውን መክፈት አይችልም፣ የሚያየው ከየት ወደ የት ምን ያህል ዳታ እንዳለፈ ነው። ግን ቀርፋፋ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከአራታችሁ አንዱ ቤት ብቻ ክፍት በር ይኑር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የቤት ኢንተርኔት ካለው ራውተሩ ላይ 22000 ፖርትን (የመግቢያ በር ቁጥር ማለት ነው) ቲሲፒና ዩዲፒ ለሚባሉት ለሁለቱም የመላኪያ ዓይነቶች ወደ ላፕቶፑ ይክፈት። የሌሎቻችሁ ማሽኖች ከሱ ጋር ይገናኛሉ፣ እሱ ጋ የደረሰውንም ከሱ ትወስዳላችሁ። ኔትወርኩ እንዳይጨናነቅ ሴቲንግ ውስጥ የመላኪያ ፍጥነቱን ገድቢው፣ አለበለዚያ ቤት ያለ ሰው ቪዲዮ ማየት አይችልም።

400ውን ጊጋባይት ግን መጀመሪያ ላይ በኢንተርኔት አትላኩት። ሒሳቡን ልሥራልሽ። የመላኪያ ፍጥነትሽ 5 ሜጋቢት ቢሆን፣ አንዴም ሳይቋረጥ፣ ሌሊትና ቀን፣ ከ7 ቀን በላይ ይፈጃል። በእኛ መብራት ወር ይሆናል። ሰው እጅ ላኩት። አንድ ሃርድ ዲስክ ግዙ፣ ቬራክሪፕት በሚባለው የዲስክ መቆለፊያ ፕሮግራም ቆልፉት፣ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ስጡት። ፓስወርዱን ተሸካሚው አይወቅ፣ ለተቀባዩ በስልክ ንገሩት። እሱ ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ ሲንክቲንግን ወደዚያ ፎልደር ያሳየዋል። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያነባቸዋል፣ ካንቺ ጋር ያመሳክራቸዋል፣ ያለውን እንደገና አይጠይቅም። የማንበቡ ሥራ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ቆሟል ብሎ እንዳይዘጋው። ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት የሚሄደው በየጊዜው የሚጨመረው ብቻ ነው።

ስለ ፋይል ስም ትንሽ ልበል፣ በአማርኛ ስትሰይሙ የሚያጋጥም ነው። አንድ የእኛ ፊደል ኮምፒውተሩ ውስጥ ሦስት ባይት ነው። ሊኑክስና አንድሮይድ ላይ የአንድ ፋይል ስም ጣሪያው 255 ባይት ስለሆነ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። «የእትዬ እንትና ልጅ ሠርግ መልስ ላይ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ…» እያላችሁ ከሄዳችሁ ዊንዶውስ ይቀበለዋል፣ ስልኩ ግን እምቢ ይላል። ሰዓት በሁለት ነጥብ አትጻፉ፣ ዊንዶውስ የፈረንጁን ሁለት ነጥብ ስም ውስጥ አይፈቅድም። የእኛው ፡ ግን ችግር የለበትም። ሌላው፣ «ሠርግ» እና «ሰርግ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ናቸው። አንዱ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ከጻፈ ፎቶው ለሁለት ይከፈላል። አንድ አጻጻፍ ላይ ተስማሙ። ከሁሉም በላይ ዓመቱን። 1990 ብላችሁ የጻፋችሁት የማን 1990 ነው? ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በፈረንጅ ይጽፋል፣ አንቺ በእኛ። ከ20 ዓመት በኋላ ልጆቻችሁ ሲያዩት የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ነው። ከዓመቱ ኋላ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን ከመጀመሪያው ቀን ልመዱ።

አሁን ሊያሳስታችሁ የሚችል ነገር ልንገራችሁ። ሲንክቲንግ መንገድ ላይ ያለውን ነው የሚመሰጥረው። ላፕቶፕሽ ላይ የተቀመጠው ፋይል እንደማንኛውም ፋይል ክፍት ነው። ታክሲ ውስጥ ቦርሳሽን ብትረሺ የጎረቤት ለቅሶ ሁሉ ላገኘው ሰው ይገለጣል። ስለዚህ ዲስኩን ራሱን ቆልፉት፣ ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር፣ ማክ ላይ ፋይልቮልት፣ ሊኑክስ ላይ ሉክስ አለ። መክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። አራታችሁም ይህን ካላደረጋችሁ የሦስታችሁ ጥንቃቄ በአንዱ ይፈርሳል። ፋይሉን ይያዝልን እንጂ አይየው የምትሉት ሰው ካለ ደግሞ «ሪሲቭ ኢንክሪፕትድ» የሚል ምርጫ አለ። እሱ ጋ ስሙም ይዘቱም የተቆለፈ ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ፓስወርድ ከጣላችሁት ግን ማንም አይመልስላችሁም፣ ስለዚህ ብቸኛ ቅጂያችሁ እዚያ አይሁን።

አንድ ቀን ከአራታችሁ አንዱ ቢወጣስ? አይዲውን ታነሱታላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር አይደርሰውም። እስከዚያ የወሰደውን ግን መልሳችሁ መውሰድ አትችሉም። ይህን እያወቃችሁ ግቡበት። ለዚህ ነው ስለ ማን ምን ያያል መጀመሪያ ተነጋገሩ ያልኩት። ካሴቱ ላይ ያሉት ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። የምታገኟቸውን ጠይቋቸው። አንዲት እናት «የለቅሶውን ተዉት፣ የሠርጉን አስቀምጡት» ካለች የለቅሶው ሁሉም ጋ የሚሄደው ፎልደር ውስጥ አይግባ።

ስለ ዱባይዋ አንድ ቃል። ቪፒኤን (ኢንተርኔትሽን በሌላ ማሽን በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ጨምሩበት የሚል ሰው አይጠፋም። ሲንክቲንግ ያለሱም የተመሰጠረ ነው፣ አያስፈልጋችሁም። ኤምሬትስ ውስጥ ቪፒኤንን ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመደበቅ የተጠቀመ ሰው ቅጣቱ ከ500,000 ድርሃም ይጀምራል። እናንተ ወንጀል የላችሁም፣ ግን ያለ ምክንያት ለምን ጥያቄ ውስጥ ትግባ? ሲንክቲንግን እንዲያው ያለ ቪፒኤን ትጠቀም።

ለመጀመር አራት አትሁኑ። አንቺና የአያት ሰፈሩ ጓደኛሽ ብቻ፣ አሥር ፎቶ ያለበት አንድ ፎልደር ይዛችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት። አንድ ፎቶ ሆን ብለሽ አጥፊና እሱ ከቨርዥኑ ውስጥ ያውጣው። ማውጣት ከቻለ ሌሎቹን ጨምሩ። የሲልቨር ስፕሪንጉን ራውተር ሞዴል ጻፊልኝ፣ ፖርቱ የት ጋ እንደሚከፈት በዝርዝር እነግርሻለሁ።